ነጠላና ነጠላ ጫማ

እንግዳ ወደ ጀልባ ሲመጣ ቀድሜ የማየው ሻንጣውን ነው። ባሕር ዳር ላይ በአስጎብኚነት 13 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከሆቴሉ በር እስከ ወደቡ ባለችው አጭር መንገድ ሻንጣውን አይቼ ቀኑ እንዴት እንደሚውል እገምታለሁ። ለግማሽ ቀን ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ራስ ዳሸንን የሚወጣ ይመስል ተጭኖ የሚመጣ አለ። የግንባር መብራት፣ የውሃ ማጣሪያ፣ አሥር ኪስ ያለው ሱሪ፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ባርኔጣውን ሆቴል ረስቶታል። እጁን እያወዛወዘ ባዶውን የሚመጣም አለ፤ እሱ ደግሞ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ስንደርስ በቁምጣው ቆሞ የእኔን ነጠላ በዓይኑ ይለምናል። በሁለቱም በልቤ ስስቅ ኖሬአለሁ።

በ2017 ሰኔ ላይ ተራው ለእኔ ደረሰ።

ታናሽ እህቴ ታይላንድ ውስጥ፣ ከባንኮክ ወጣ ብሎ ባለ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። "ወንድም ጋሼ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስታስጎበኝ ኖርህ፤ ትምህርቴን ሳልጨርስ አንድ ጊዜ እንኳ መጥተህ ጎብኝ" ስትል ከረመች። እንግዳ በጠፋበት ዘመን አስጎብኚ የአውሮፕላን ትኬት ልግዛ ቢል ያስቃል። ግማሹን እሷ ከኪሷ፣ ግማሹን እኔ ለጀልባ ሞተር ካስቀመጥኩት አዋጣንና 16 ቀን ቆይቼ ተመለስኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ወደዚያው ለሥራም ለትምህርትም የሚሄዱ የአገሬ ልጆች "ምን ልያዝ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው።

ከማያስፈልገው ልጀምር፤ እሱን በገንዘቤ ተምሬዋለሁና። ገበያ ወጥቼ ወፍራም የዝናብ ካፖርት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የቆዳ ጫማ፣ ሁለት ጂንስ ሱሪ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር የገንዘብ ቦርሳና "ለዓለም ሁሉ ይሆናል" የተባለ የሶኬት መቀየሪያ ገዛሁ። ካፖርቱን የለበስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ዝናቡን ከውጭ ሲከለክል ላቤን ከውስጥ አፍኖ አስቀረው፤ በየትኛው እንደራስኩ መለየት አቃተኝ። ጂንሱ ታጥቦ በሦስተኛው ቀን ሳይደርቅ ሸተተ። የቆዳው ጫማ ሻንጣ ውስጥ እንዳለ አረንጓዴ ሻጋታ አበቀለ። የሶኬት መቀየሪያው ከነካርቶኑ ተመልሷል፤ የታይላንድ መብራት እንደ እኛው 220 ቮልት ነው፤ ሁለት ክብ እግር ያለው ቻርጀራችንም አብዛኛው ሶኬት ላይ ይገባል። የገንዘብ ቦርሳውን በሁለተኛው ቀን ፈታሁት። በዚያ ወበቅ ወገብ ላይ ጨርቅ አስሮ መዋል ቅጣት ነው።

እናቴ በበኩሏ ሌላ ሻንጣ ታሰናዳ ነበር። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ጋቢ። ቋንጣውን መልሼ አወጣሁት፤ ስጋ ነክ ነገር ያለ ፈቃድ አያስገቡም። "ደግሞስ ጾም አይደለም እንዴ?" ብላት "ለፍቺው ነዋ" አለችኝና አኮረፈች። በጋቢው ተከራክረን እኔ ረታሁ። ማታ ተኝቼ ሳለሁ ግን ነጠላዬን አጣጥፋ በሸሚዞቼ መሃል፣ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ያረጀ ነጠላ ጫማዬን ደግሞ በፌስታል ጠቅልላ ጥግ ላይ አስገብታለች። ያገኘኋቸው ባንኮክ ደርሼ ሻንጣውን ስከፍት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው 16 ቀን የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ከዕቃው በፊት ግን ወረቀት አለ።

ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ቪዛውን የጠየቅሁት በኢንተርኔት ነው፤ ታይላንድ በፈረንጆቹ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ በዓለም ዙሪያ ማመልከቻ የምትቀበለው በዚያ መንገድ ነው። የቪዛ ደንብ ግን እንደ ክረምት ሰማይ ይለዋወጣል፤ የእኔን ቃል ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ራሳችሁ አንብቡ። ከቪዛው ሌላ የመግቢያ ቅጽ አለ። ድሮ አውሮፕላን ውስጥ በወረቀት ይሞላ ነበር አሉ፤ ከሜይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ግን ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል። ክፍያ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ከተከፈተላችሁ ዝጉት፤ የሌባ ነው።

ቢጫዋ ካርድ ግን የራሷ ታሪክ አላት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ማለቴ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ይገኝባቸዋል ከተባሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ያለዚህች ካርድ መግባት አይቻልም። ክትባቱ ከተወጋችሁ አሥር ቀን ሳይሞላው አይሠራም፤ ስለዚህ ለመሄጃው ሳምንት አታቆዩት። አንዴ ከተወጋችሁት ዕድሜ ልክ ነው፤ ከ2016 ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የአሥር ዓመቱ ገደብ ቀርቷል። እኔ ካርዱን ይዣለሁ፤ በደንቡ መሠረት ተወግቻለሁ፤ ኮራ ብዬ ከአውሮፕላን ወርጄ ሕዝቡ የሄደበትን ተከትዬ ኢሚግሬሽን ተሰለፍኩ። አንድ ሰዓት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው መስኮቱ ጋ ደረስኩ። መኮንኗ የፓስፖርቴን ሽፋን ብቻ አየችና በእርጋታ፣ በፈገግታም፣ ወደመጣሁበት ጠቆመችኝ። ለካ ከእኛ አገር የሚመጣ ሰው ከሰልፉ በፊት የጤና ቁጥጥር ጠረጴዛ ጋ ሄዶ ካርዱን አሳይቶ ማኅተም ማስመታት አለበት። ምልክቱ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሏል፤ በሥሩ አልፌው ሄጃለሁ። ስንት ዓመት "ምልክቱን አንብቡ" ስል የኖርኩት ሰውዬ ተመልሼ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ እንደገና ከሰልፉ ጭራ ቆምኩ። ካርዷን በእጅ ሻንጣ ያዙ። ሻንጣ መረከቢያው ከኢሚግሬሽን በኋላ ስለሆነ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከቀረች አለቀላችሁ።

ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቁ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቢጫ ወባ በዚያ አካባቢ የለም፤ አስተላላፊዋ ትንኝ ግን ሞልታለች። በሽታውን በደሙ የያዘ አንድ ሰው ቢገባ የቀረውን ሥራ እሷ ትጨርሰዋለች። ይህችው ትንኝ ደንጊ የሚባለውን ትኩሳትም ታስተላልፋለች፤ እኛ የባሕር ዳር ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወባን እናውቃታለን ባዮች ነን። የወባ ትንኝ በጨለማ ትመጣለች፤ ሲመሽ መስኮት ይዘጋል፣ አጎበር ይወርዳል፣ ቀን ቀን ሰው ዘና ይላል። የደንጊዋ ትንኝ የምትናከሰው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ጠዋት ከነጋ በኋላና ማታ ጀንበር ሳትጠልቅ ይብስባታል። እግሯ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ነው። ረግረግም አያስፈልጋት፤ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለ ውሃ፣ የተጣለ ጎማ፣ ክዳን የሌለው በርሜል ይበቃታል። የእህቴ አከራይ በየቅዳሜው የግቢውን ማሰሮ ሁሉ ስትደፋ አይቼ ንጽሕና የምትወድ ሴት ናት ብዬ ነበር።

አጎበር ይዛችሁ አትሂዱ። ዲት የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት የትንኝ መከላከያ እዚያው በየሱቁ አለ። ፀሐይ መከላከያ የምትቀቡ ከሆነ መጀመሪያ እሱን፣ ከላዩ የትንኙን። ትኩሳት ከያዛችሁ ፓራሲታሞል እንጂ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትዋጡ፤ ደንጊ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢነሳባችሁ ደግሞ ለሐኪሙ ከየት እንደመጣችሁ ንገሩት። እዚህ ትኩሳት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ወባን ነው፤ ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ስትታመም ነው ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው።

አሁን ወደ ነጠላዬ።

እኛ ባሕር ዳር ሞቃት ናት እንላለን። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሲያልበው እያየን እንስቃለን። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ግንቦት ቢያቃጥልም ማታ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ሸሚዝ ያስደርባል። ባንኮክ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ ሌሊቱም አይበርድም። ከአውሮፕላን ጣቢያው በር ስወጣ የገንፎ ድስት ክዳን የተነሳብኝ መሰለኝ። በዚህ ላይ ነጠላ ምን ሊሠራ?

ጠብቁ። ውጭው ገንፎ ነው፤ ውስጡ በረዶ ነው። አውቶቡሱ፣ የገበያ አዳራሹ፣ ባንኩ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ሁሉም ማቀዝቀዣውን አጥብቀው ከፍተው ይቀመጣሉ። በላብ የረጠበ ሸሚዝ ይዞ እዚያ መግባት ሳንባን መፈታተን ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ በአውቶቡስ ያደረግሁት እጄን ብብቴ ውስጥ ቀብሬ ነው። በሁለተኛው ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ የነበረች አሮጊት ጥለቱን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ከባንኮክ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺያንግ ማይ በሌሊት ባቡር ስሄድ ደግሞ የላይኛው አልጋ ደረሰኝ፤ ማቀዝቀዣው ከፊቴ ነው፣ መብራቱም ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። የባቡሩ ብርድ ልብስ ገላዬን ሲሸፍን ነጠላው ዓይኔን ሸፈነ። ትኬት የምትቆርጡ የታችኛውን አልጋ ጠይቁ፤ ዋጋው ጥቂት ይጨምራል፤ ክፈሉት።

ቤተ መቅደሳቸው ጋ ስንደርስ ነጠላው የለመደውን ሥራ አገኘ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ታላቁ ቤተ መንግሥት በር ላይ ቁምጣ የለበሰ ጎብኚ ሁሉ ሲመለስና ከመንገድ ማዶ ሱሪ ሲገዛ አይቻለሁ፤ ዓይናቸው ልክ ዑራ በር ላይ እንደማየው ዓይን ነው። እህቴ እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሳ ነበርና ነጠላዬን አደግድጌ አለበስኳት፤ ጠባቂው ምንም ሳይል አሳለፈን። ጫማ ይወለቃል፤ ይህን እኛን ማንም አያስተምረንም። የበሩን መድረክ ግን ተሻግራችሁ ግቡ፤ አትርገጡት። ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ቡድሃው ምስል አትዘርጉ። የሰው ራስ አትንኩ፤ የሕፃንም ቢሆን። ሴት ልጅ መነኩሴን አትነካም፤ በአጠገቡም አትቀመጥም። እህቴ በዚህ ትንሽ ቅር ሲላት "ክብራን ገብርኤልን አስቢ" አልኳት፤ እዚያ የጣና ደሴት ላይ ሴት ከነጭራሹ አትወርድም። ስለ ንጉሣቸው ደግሞ በቀልድም ቢሆን ክፉ አትናገሩ፤ በሕግ ያሳስራል።

ነጠላ ጫማውስ? ጫማ በየቦታው ይወለቃል፤ በቤተ መቅደስ፣ በሰው ቤት፣ በአንዳንድ ሱቅ፣ የማሳጅ ቤት በር ላይ። ክር ያለው ጫማ ያደረገ ሰው ቀኑን አጎንብሶ ይጨርሰዋል። ዝናቡም አለ። ሰኔ እዚህ ክረምት እንደሚገባ እዚያም ዝናብ ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የእኛ ዝናብ ሲያጉረመርም ውሎ ያድራል፤ የእነሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ እንደ ተገለበጠ በርሜል ይወርዳል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያበቃል። መንገዱ ግን ቁርጭምጭሚት ድረስ ውሃ ይሆናል። ነጠላ ጫማ ያለው ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገራል። እኔ የመጀመሪያ ቀን በዚያ በቆዳ ጫማ ተሻገርኩ፤ ሻጋታው የመጣው ከዚያ ነው። ከሱቅ የሚሸጥ ስስ የፕላስቲክ ዝናብ ልብስና አንዲት ጃንጥላ ይበቃሉ። ስልክና ፓስፖርት በፌስታል፤ ይህ የጀልባ ልማድ ነው፤ የታንኳም የአውሮፕላንም መንገደኛ ቢሠራበት አይጎዳም። ፌስታሉን ከቤት ያዙ፤ ትልልቆቹ የታይላንድ መደብሮች በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ መስጠት አቁመዋል።

ምግቡ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ የተጨነቅኩበት እሱ ነበርና።

የሄድኩት በሐዋርያት ጾም ነው። ሩዝና አትክልት በሞላበት አገር መጾም ምን ይከብዳል ብዬ ነበር። ከባዱ ነገር የዓሣ ጭማቂው ነው። እኛ ጨው የምንጨምርበት ቦታ ሁሉ እነሱ ከዓሣ የሚጠመቅ ቡናማ ፈሳሽ ይጨምራሉ፤ ጎመኑ ውስጥ አለ፣ ሾርባው ውስጥ አለ። "ስጋ አልበላም" ስትሏቸው ስጋውን አውጥተው መረቁን ይተዉላችኋል። መፍትሔውን ያገኘችው እህቴ ናት። "ጄ" በሉ። ስጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የሌለበት ምግብ ማለት ነው፤ ከእኛ ጾም ጋር መንታ ነው ለማለት ምንም አይቀረው። የሚሸጡበት ቤት ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል፤ በላዩ ያለው ቀይ ጽሑፍ ለእኛ ዓይን 17 ቁጥርን ይመስላል። እኔም በ2017 ዓ.ም. 17ን እያሳደድኩ ስበላ ከረምኩ። አንድ ጉድ ግን አለበት፤ "ጄ" ውስጥ ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም የለም። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። "ታዲያ ወጡን በምን ያቁላሉታል?" አለች በመጨረሻ። አያቁላሉትም፣ እማዬ።

ሌላው ትምህርት የቃሪያው ነው። ሶም ታም የሚባል የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ አላቸው። ፓፓያችን እዚህም በየግቢው አለ፤ እኛ ግን ሳይበስል አንነካውም። እነሱ አረንጓዴውን እንደ ክር ይከትፉታል። መንገድ ዳር ያለች ሴት ከሸክላ ሙቀጫዋ ውስጥ ትንንሽ ቃሪያ ጣል ታደርጋለች፣ በእንጨት ዘነዘና ዱቅ ዱቅ ታደርጋለች፣ ሎሚ ትጨምቃለች፣ ቲማቲም ትጥላለች፣ በግራ እጇ በማንኪያ እያገላበጠች በቀኟ ትወቅጣለች። ድምፁ የሠፈራችንን ቡና ወቀጣ አስታወሰኝና ቆሜ ቀረሁ። የዓሣ ጭማቂውንና የደረቀውን ሽሪምፕ እንድትተወው እህቴ ነገረቻት። ሴትዮዋ በጣቷ ስንት ቃሪያ ልጨምር ብላ ጠየቀችኝ። ሚጥሚጣ በልቼ ያደግሁ ጎጃሜ ነኝ፤ አምስት ጣት ዘረጋሁ። ሴትዮዋ እህቴን አየቻት፤ እህቴ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ጆሮዬ ደነቆረ። የእኛ ሚጥሚጣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በቅመም ተገርቶ ነው የሚመጣው፤ ያ እርጥቡ ነው፣ ገና ቁጣው አልበረደም። "ማይ ፔት" ማለት "የማያቃጥል" ማለት ነው፤ ያለ ኀፍረት ተጠቀሙበት። ያዳነኝ አብሮት የመጣው የሚያጣብቅ ሩዝ ነው፤ በእጅ ተድቦልቡሎ ይበላል፤ ለእንጀራ ልጅ ከማንኪያ ይልቅ ይህ ይቀለዋል።

የቧንቧ ውሃ አትጠጡ። የታሸገው ርካሽ ነው፤ ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ በየመቶ ሜትሩ ያለ ይመስላል። በረዶው መሃሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ከሆነ የፋብሪካ ነው፤ እኔ እሱን ጠጥቼ ደህና ከርሜአለሁ። ሁለት ሦስት ፓኬት ኦአርኤስ፣ ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት፣ ያዙ። የእናቴ በሶም የዋለልኝ ውለታ ቀላል አይደለም፤ ቺያንግ ማይ ላይ ዶይ ሱቴፕ የሚባለውን የተራራ ቤተ መቅደስ ከ300 በላይ ደረጃ ከወጣሁ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ጠጣሁት፤ ሁለት ቱሪስቶች ምን ዓይነት የኃይል መጠጥ ነው ብለው ጠየቁኝ።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው። ዶላር ከያዛችሁ አዲስና ያልታጠፈ መቶ መቶ ይሁን፤ ትንንሹን ኖት በዝቅተኛ ዋጋ ይመነዝሩታል፣ የተቀደደውን ይመልሱታል። በውጭ ካርድ ከማሽን ስታወጡ በየጊዜው ከ200 ባህት (የአገሩ ገንዘብ ነው) በላይ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ አታውጡ። ሲም ካርድ በፓስፖርት ነው። መኪናው በግራ በኩል ይነዳል፤ ይህን አቅልላችሁ አትዩት። እኔ መንገድ ልሻገር ስል የዕድሜ ልክ ልማዴ ወደ ግራ አስመለከተኝ፤ ሞተር ብስክሌቱ በቀኝ መጣ። እህቴ በኮሌታዬ ጎትታ ባታስቀረኝ ይህን አልጽፍም ነበር። ሞተር ብስክሌት ተከራይተው የሚነዱ የውጭ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ክንዳቸው በፋሻ የታሰረም ብዙ አየሁ።

ከሁሉም ቤቴ ያለሁ ያህል የተሰማኝ በሰዓቱ ጉዳይ ነው። የእኛን ሰዓት ለእንግዳ ማስረዳት የዘወትር ሥራዬ ነው፤ "ጠዋት 1 ሰዓት ማለት በእናንተ 7 ነው" እያልኩ። ታይላንዶችም ምሽቱን እንደ እኛ ይቆጥሩታል! ፈረንጅ 7 የሚለውን የምሽት ሰዓት በተለምዶ ንግግራቸው "ኑንግ ቱም" ይሉታል፤ አንድ ማለት ነው። 8 የሚለው "ሶንግ ቱም"፣ ሁለት። ባለ ሦስት እግሩ ቱክ ቱክ ነጂ፣ የእኛው ባጃጅ በሉት፣ "በሶንግ ቱም እመጣለሁ" ሲል እህቴ ልትተረጉምልኝ ስትጀምር "ገብቶኛል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት" አልኳት። ዓመታቸውም እንደ እኛ ለብቻው ነው፤ ግን በሌላው አቅጣጫ። ሱቅ ውስጥ የሰጡኝ ደረሰኝ 2568 ይላል። እኔ ከ2017 ነው የመጣሁት፤ 551 ዓመት ወደፊት። ዕቃ ስትገዙ የማብቂያ ቀኑ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ አትደናገጡ፤ 543 ቀንሱና የፈረንጁን ታገኛላችሁ።

የመጨረሻውን ቀን ለጀልባ ሰጠሁት። እህቴ "ጀልባ አልሰለቸህም?" አለችኝ፤ ሐኪም ሰው አገር ሄዶ ሆስፒታል ሲያይ ማን ይከለክለዋል? ቻው ፕራያ ወንዝ ላይ ረጅም ጭራ የሚሏቸው ቀጫጭን ጀልባዎች አሉ። ከኋላ የመኪና ሞተር፣ ሽፋን እንኳ የሌለው፣ በሚሽከረከር እግር ላይ ተጭኗል፤ ከሞተሩ አንድ ረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ውሃውን የሚገፋው መዘውር ከዘንጉ ጫፍ ላይ ነው። ልሳፈር ስል የጀልባውን አፍንጫ ልረግጥ እግሬን አነሳሁ፤ ነጂው "እ እ!" ብሎ እጁን ዘረጋ። አፍንጫው ላይ ባለ ቀለም ጨርቅና አበባ ታስሯል፤ የጀልባዋ ጠባቂ መንፈስ እዚያ አለች ብለው ስለሚያምኑ አይረገጥም። ከጎን ገባሁ። የእኛም ነጂ ሳያማትብ ገመድ አይፈታም።

ጥቂት እንደሄድን ወንዙ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ መጣ። ሳየው ልቤ ደረቴን መታው። እምቦጭ ነው። ያው ወፍራም ቅጠል፣ ያው የተነፋ ግንድ፣ ያው ሐምራዊ አበባ። ጣና ላይ በ2003 ገደማ ታይቶ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ የበላው። የእኛ ሞተር እዚህ ውስጥ ከገባ ተጠቅልሎበት ይቆማል፤ ነጂው ልብሱን አውልቆ በቢላዋ ሲቆርጥ ይውላል። ሰውዬው ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። የሞተሩን እጀታ ወደ ታች ተጫነ፤ ዘንጉ ከውሃው ወጥቶ አየር ላይ ዞረ፤ ጀልባዋ በተገፋችበት ጉልበት ምንጣፉን ተንሸራትታ አለፈችው፤ መልሶ ዘንጉን አጠለቀው። አልቆጠርኩትም እንጂ ከሦስት እስትንፋስ አይበልጥም። አንድ ጊዜ ድገመው ብዬ በምልክት ለመንኩት። ሳቀና ደገመው።

እነሱ "የጃቫ አረም" ይሉታል፤ በ1901 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጃቫ ለአበባው ተብሎ የመጣ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አብሯቸው ኖሯል። ሊያጠፉት አልቻሉም፤ ግንዱን አድርቀው ግን ይጎነጉኑታል፤ ቅርጫት፣ ምንጣፍ፣ የወንበር መቀመጫ ያወጡለታል። ገበያ ውስጥ ከእምቦጭ የተሠራ የእጅ ቦርሳ አገኘሁ፤ ባለ ሁለት ማንጠልጠያ፣ ቀለሙ የበሰለ ጤፍ የመሰለ። ሳልከራከር ገዛሁት። የዝናብ ካፖርቱን ለእህቴ ጎረቤት ትቼለት በቦታው እሱን አስገባሁ።

ባሕር ዳር በገባሁ በማግስቱ ወደ ወደቡ ይዤው ወረድኩ። ሐምሌ ነው፤ ሐይቁ ቡናማ ሆኗል፤ እንግዳ የለም፤ ነጂዎቹ ከዛፉ ሥር ቡና ይጠጣሉ። ምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ቦርሳውን መሃላቸው አስቀመጥኩት። "ደንገል ነው" አለ አንዱ። "ደንገል እንዲህ አይለሰልስም" አለ ሌላው። ጋሽዬ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፤ ጉንጉኑን በጥፍራቸው ፈልፈል አድርገው አንዲት ክር መዘዙ፤ ክሯን በምላሳቸው አርጥበው በሁለት ጣታቸው ጠመዘዟት።

"እምቦጭ" አሉ።

"አዎ፣ ጋሽዬ።"

ዝም ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ከዘጌ በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነበር። "ይህ እንዲህ እስኪሆን ስንት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል?" አሉኝ።

አልጠየቅሁም ነበር። ማታ ለእህቴ ደወልኩላት።